የመሳለሚያው ጥቁር ድንጋይ

ስለ ሞንጎሊያ ክፍለ ሀገራት የተጻፈ የተጓዦች መጽሐፍ በቅርቡ እጄ ገባ። ገዳማቱንና የጥንት ፍርስራሾቹን እያገላበጥኩ ሳልፍ አንድ ፎቶግራፍ አስቆመኝ፤ ኮረብታ ላይ የተቆለለ ድንጋይ፣ ሰማያዊ ጨርቅ የታሰረበት። መንገደኛ ሁሉ ሲያልፍ አንድ ይጨምርበታል ይላል። ሰዎች ይህን ለማየት ባሕር ተሻግረው ይሄዳሉ። እኔ ደባርቅ ላይ አፍርሼዋለሁ።

ልጅ እያለሁ፣ ወደ ዳባት በሚወስደው መንገድ፣ የጊዮርጊስ ጣሪያ ለመጨረሻ ጊዜ የሚታይበት ቦታ መሳለሚያ ነበር። ከአገር የሚወጣ ሰው እዚያ ዞሮ ይሳለምና ከክምሩ ላይ ድንጋይ ያኖራል። የጎረቤታችን የእትዬ ዝማም ልጅ ወደ ጦር ግንባር ሲሄድ ያኖረው ነጭ መስመር ያለበት ጥቁር ድንጋይ ነው። እናቱ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ ሲመለሱ በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጉት ነበር።

ትምህርት ቤታችን መጸዳጃ ቤት ሊሠራ ተነሣና አምስት አምስት ድንጋይ እንድናመጣ ታዘዝን። ወንዙ ሩቅ ነው፤ መሳለሚያው ቅርብ። አራቱን እንደነገሩ አነሣሁ። አምስተኛውን መረጥኩት፤ ያምራላ! የማን እንደሆነም አውቅ ነበር። ግንበኛው «ይቺስ ለፊት ናት!» ብሎ በሩ አጠገብ በሲሚንቶ ገነባት።

በሳምንቱ እትዬ ዝማም ትምህርት ቤታችን ግቢ መጡ።

«የልጄን ድንጋይ ማን አነሣብኝ?»

ወጣቱ አስተማሪያችን ሳቀ። «እትዬ፣ በስሜን ምድር ድንጋይ ጠፋ እንዴ?»

«ድንጋይማ ሞልቷል፣ መምህር። የሱ እጅ የነካው ግን አንድ ነው።»

እኔ ግድግዳው ላይ ተለጥፌ፣ ድንጋዩን በጀርባዬ ሸፍኜ ቆሜያለሁ።

«አንቺስ ልጄ፣ አላየሽም?»

«አላየሁም፣ እትዬ።»

«እሺ፣ እደጊ» ብለውኝ ሄዱ።

ልጃቸው አልተመለሰም። ድንጋዩ ስለተነሣ ነው የሚል ሰው ሞኝ ነው፤ ያን ሞኝ ግን ውስጤ ስለሚኖር በደንብ አውቀዋለሁ።

ባለፈው ፋሲካ ደባርቅ ሄጄ ነበር። ዛሬ ከዚያ የሚወጣ ልጅ እንደደረሰ ስልክ ይደውላል፤ ድንጋይ የሚያኖር የለም። የመጸዳጃ ቤቱ ግድግዳ ግን አለ። ኖራ ቀብተውታል፤ ድንጋዩ ሁሉ ነጭ ሆኗል። በሩ አጠገብ ያሉትን አንድ በአንድ ዳበስኩ።

አንዲት ተማሪ ቆማ ታየኝ ነበር። «ምን ጠፋብዎት፣ እትዬ?»

«ምንም» አልኳት። አሁንም ዋሸሁ። «እደጊ።»