ዴልማስ ማሽኑን ጥፋተኛ ያደረገ ቀን

በሆሞቺቶ ወንዝ ዳር ባለው የአደን ካምፕ ዴልማስ ፐርቪስን ስለ ኤሌክትሪክ ባጊ፣ በባትሪ ስለምትሄደው ትንሽ የጫካ መኪና፣ ተከራክሮ የረታ ሰው የለም። የሞከሩ ግን አሉ። ሮይስ የሚባለው የቤንዚን ወዳጅ የአደን ወቅት በገባ ቁጥር ይሞክራል፤ በገባ ቁጥርም ሰው ፊት አፍሮ ዝም ይላል። ዴልማስ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ክፉን ሰው ጠልቶ መገላገል ይቻላል። የእሱ ችግር ሁልጊዜ ልክ መሆኑ ነው፤ ልክ መሆኑን ደግሞ ሳይናገር አያልፍም።

ዕድሜውን ሙሉ በወረቀት ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። ፋብሪካው ሲዘጋ ጓደኞቹ ሥራ ፍለጋ ወደ ባቶን ሩዥ ከተማ ነጎዱ። እሱ ግን ከጎልፍ ሜዳ የተጣሉ አሮጌ የባትሪ መኪናዎችን እየለቀመ ጎተራው ውስጥ ከተተ። ከመሬት ከፍ አደረጋቸው፣ ጥርሳም የጭቃ ጎማ ገጠመላቸው፣ ባትሪያቸውን ለወጠ፣ የደረቀ ቅጠል የሚመስል ቀለም ቀባቸው። ጎረቤት ሁሉ ሳቀበት። ሚስቱ ኢሞጂን አልሳቀችም፤ ጎተራውን ለዶሮዎቿ ትፈልገው ስለነበር ተቆጣች።

የመጀመሪያውን ባጊ የሠራው ለአጎቱ ለሆሊስ ነበር። ዴልማስ በልጅነቱ አባቱ ሲሞትበት ያሳደገው፣ ጠብመንጃ አያያዝና ዝም ብሎ መቀመጥን ያስተማረው ሆሊስ ነው። ሽማግሌው ዳሌውን ከተሰበረ ወዲህ ጫካ መግባት አቅቶት በረንዳው ላይ ተቀምጦ የሚያልፍ መኪና ሲቆጥር ይውል ነበር። ኢሞጂን እንዳለችው፣ ሰውዬው ከነነፍሱ እየደረቀ ነበር። ዴልማስ ባጊውን በር ላይ አቁሞ ቁልፉን ሰጠው። ሆሊስ በማግስቱ ጎሕ ሳይቀድ ወጣ፤ ረፋዱ ላይ ሲመለስ ምንም አልገደለም። ባጊው እንዴት ነው ሲባል የመለሰው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ወፎቹ ዝም አላሉም» አለ።

ዴልማስ ይህንን ቃል እንደ ሜዳሊያ ደረቱ ላይ አንጠልጥሎ ነው የኖረው። ቤንዚን የሚበላ ባጊ ጫካ ሲገባ ወፉም ሽኮኮውም አጋዘኑም እኩል ይሰማል፤ የኤሌክትሪኩ ግን ሳይጮህና ሳይሸት አድፍጠህ የምትጠብቅበት ማማ ሥር ያደርስሃል። ወሬው ተዛመተ፤ ጥቂት ዓመት ሳይቆይ የካምፑ ባጊ ከሞላ ጎደል በእሱ እጅ ያለፈ ሆነ። ማታ ማታ ሰዎቹ ካርታ ሲጫወቱ እሱ ተሰልፈው የቆሙትን ባጊዎች እየዞረ የቻርጀሮቹን እንጉርጉሮ ያዳምጣል። አንዱ ዝም ካለ ባለቤቱ ወዮለት።

«ትናንት ቻርጀር ሰክተሃል?» ብሎ ይጀምራል፣ ባጊው መንገድ ላይ የቆመበትን ሰው፣ ሁሉም በሚሰማበት ገበታ ላይ።

«ሰክቻለሁ።»

«ምኑ ላይ?»

«ግድግዳው ላይ ነዋ።»

«ግድግዳውማ ሞልቶልሃል። ባጊውስ?»

እንዲህ ነው እንግዲህ። ባትሪውን ቻርጅ ከማድረጉ በፊት እስከ አፉ ውኃ ጨምሮ አሲዱን ያገነፈለ፣ ወንዙን በድፍረት ልሻገር ብሎ ሞተሩን ያጠጣ፣ ባትሪ በሚደክምበት የበረዶ ዕለት ሩቅ ሄዶ መንገድ ላይ የቆመበት፣ ሁሉም በዚህ ገበታ ላይ ተፈርዶበታል። «ማሽን አይሰንፍም» ይላል ዴልማስ ሳህኑን እየጠረገ፣ «የሚሰንፈው የተቀመጠበት ነው።» አንዳንዱ ሰው መንገድ ላይ ሲቆምበት ዴልማስን ከመጥራት ሁለት ሰዓት በእግሩ መሄድ ይመርጥ ነበር።

አዳኞቹ ከእሱ የሚለምኑት አንድ ነገር ነበር። ባጊው ወደ ኋላ ሲነዳ ጢጥ ጢጥ የምትል ማስጠንቀቂያ አለችው። ለጎልፍ ተጫዋች ደግ ናት፤ ላዳኝ ግን ጫካውን ሁሉ የምትቀሰቅስ ጠላት ናት። ስለዚህ ባጊ የገዛ ሁሉ አስቀድሞ የሚለው «እቺን ዝም አሰኝልኝ» ነው። ዴልማስ ሽቦዋን ይቆርጣል። የሁሉንም ቆርጧል፤ የአጎቱን ግን ከሁሉም በፊት።

ባለፈው ዓመት የካምፑ ሰብሳቢ ጋርላንድ አንድ ሕግ አስወሰነ። ሰማንያ ዓመት የሞላው አባል በራሱ ጥፋት አደጋ እስካልደረሰበት ድረስ ብቻውን ጫካ ይገባል፤ እንዲህ ያለ አንድ አደጋ ከደረሰበት ግን ከዚያ ወዲያ ከሰው ጋር ካልሆነ አይገባም። ሕጉ ስም አልጠራም፤ ሰማንያ የሞላው ግን ሆሊስ ብቻ ነበር። ሽማግሌው ሲሰማ አልተቆጣም፣ አልተከራከረም። በዚያ ሌሊት ግን እንቅልፍ አልወሰደውም። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ለእሱ ወንበርና ቴሌቪዥን ነው። ከእሷ ጋር የሚነጋገረው ማማው ላይ ብቻውን ሲቀመጥ ነው፤ ይህን ለዴልማስ አንድ ቀን ነግሮታል፤ ለሌላ ለማንም አልነገረም።

ታኅሣሥ ውስጥ፣ ብርዱ በጠናበት አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ከረግረጉ በኩል እኩል እኩል የተራራቁ ሦስት ጥይቶች ተሰሙ። በዚያ አገር ይህ ድረሱልኝ ማለት ነው። ዴልማስ ቅርብ ስለነበር ቀድሞ ደረሰ። የሆሊስ ባጊ በስተኋላው ረግረጉ ውስጥ ገብቶ አፍንጫውን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ቆሟል። ሽማግሌው ግንድ ላይ ተቀምጧል፤ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ረጥቧል።

«አጎቴ፣ ተጎዱ?»

«ጠብመንጃው አልረጠበም» አለ ሆሊስ።

«እርስዎን ነው የምጠይቀው።»

«እኔ ደኅና ነኝ። ወደ ፊት ረገጥኩት፣ ወደ ኋላ ሄደ። ወደ ፊት ነው የረገጥኩት፣ ዴልማስ።»

ዴልማስ ውኃው ውስጥ ገብቶ እጁን ከመቀመጫው ሥር ሰደደ። የፊትና የኋላ መቀየሪያዋ ወደ ኋላ ዞራለች። ነገሩ ወዲያው ገባው። ሽማግሌው ጎሕ ሳይቀድ ባጊውን ለመደበቅ ከረግረጉ ዳር ጥዱ ሥር በኋላው አስገብቶ፣ መቀየሪያዋን ሳይመልሳት ማማው ላይ ወጥቷል። ብዙ ተቀምጦ ሲወርድ ብርዱ ራሱን አፍዞታል፤ ፔዳሉን ረገጠ፣ ባጊው ወደ ኋላ ተንሸራተተ፣ ደንግጦ አብዝቶ ረገጠ። ጢጥ ጢጥ የምትለዋ ብትኖር ኖሮ ገና እግሩ ሲያርፍ ትነግረው ነበር። ዝም ያሰኛት ደግሞ ሌላ ሰው አልነበረም።

የጋርላንድ መኪና ድምፅ ከኋላ ሲሰማ የዴልማስ እጅ ከራሱ ቀድሞ አሰበ። መቀየሪያዋን መሐል ላይ መለሳት።

«ማን ነው ያጠፋው?» አለ ጋርላንድ ከመኪናው እየወረደ። «ሰውዬው ነው ማሽኑ?»

«ገና ነው። ልየው» አለ ዴልማስ።

ጋርላንድ ቀና ብሎ አየው። ዴልማስ ገና ነው ሲል ሰምቶ አያውቅም። ባጊውን በጋርላንድ መኪና የመጎተቻ ገመድ ሲያወጡ ሆሊስ ባጊውን አላየም፤ ያየው ጋርላንድን ነበር፣ ሐኪም ምን ሊል ነው ብሎ እንደሚጠብቅ ሰው። ዴልማስ ይህን ዓይን አየ። እውነቱን ቢናገር ሽማግሌውን በረንዳው ላይ መልሶ ሊያስቀምጠው ነው። ቢዋሽ ደግሞ እስከ ዛሬ አፉን ሞልቶ የተናገረው ሁሉ ገደል መግባቱ ነው፤ እንጀራውም እዚያው ላይ ነው።

ለምሳ የአጋዘን ወጥና የበቆሎ ዳቦ ቀርቧል። የተቀመጡት ሁሉ ዴልማስ እጁን እስኪታጠብ ጠበቁት። ሽማግሌው ከዳር ተቀምጦ ዳቦውን ይፈረፍራል፤ አይበላም።

«ዳኛው ገቡ» አለ ሮይስ። «በሉ ዝም በሉ፣ ፍርዱን እንስማ። ዛሬ ማን ሰንፎ ተገኘ?»

«ማሽኑ ነው» አለ ዴልማስ።

ሮይስ ማንኪያውን አስቀመጠ። «እስቲ ድገመው። ይሄኛው ጆሮዬ በጥይት ድምፅ ተጎድቷል።»

«ማሽኑ ነው። ውስጡ ያለው የኤሌክትሪክ መገናኛ ተጣብቆ ወደ ኋላ ላይ ቀርቷል። የገጠምኩት ደግሞ እኔ ነኝ። አጎቴ ምንም አላጠፉም።»

የሳቁን ነገር አታንሱት። ሰዎቹ ዕዳ የተሰረዘላቸው ያህል ነው የሳቁት። አንዱ ገበታውን እየደበደበ፣ አንዱ እንባውን እየጠረገ። በካምፑ ልማድ አጋዘን የሳተ ሰው የሸሚዙ ጫፍ ተቆርጦ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ የሚቆርጠውም በዕድሜ ታላቁ ነው። ሮይስ መቀሱን አምጥቶ ሆሊስ እጅ ላይ አኖረ። «አጋዘን ለሳተ ከተቆረጠ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ለሳተማ ሙሉ ሸሚዙ ነው የሚገባው። ይጀምሩት፣ ሚስተር ሆሊስ።»

ሽማግሌው መቀሱን ይዞ ዴልማስን አየው። ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ መቀሱን ገበታው ላይ አስቀመጠና «ምግቤ ቀዘቀዘ» ብሎ ማንኪያውን አነሳ። ሸሚዙን ሮይስ ራሱ ቆረጠው።

«እንግዲህ ማሽኑ ከሆነ ሕጉ እርስዎን አይነካም፣ ሚስተር ሆሊስ» አለ ጋርላንድ። እሱ ብዙም አልሳቀም ነበር። ወደ ዴልማስ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የእኔ ባጊ ውስጥ ያለውስ ያው መገናኛ ነው? የልጅ ልጄን ነው የማሳፍርበት።»

ዴልማስ ይህን አላሰበም ነበር። «ሁሉንም እፈትሻለሁ» አለ። ከወዲያ ማዶ ሁለት ሰዎች ወቅቱ ሲያልቅ ወደ ቤንዚኑ ስለመመለስ ማውራት ጀምረዋል፤ ሮይስም ጥሩ ጥሩውን እየመረጠ ይመክራቸዋል። ዴልማስ ወጡን በላ፤ ጣዕሙ ግን አልታወቀውም። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ውርደት አልቀመሰም፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ መልስ መስጠት አለመቻሉ ነበር።

ከምሳ በኋላ ከመጋዘኑ ጀርባ የአጎቱን ባጊ መቀመጫ አንስቶ፣ ያልተበላሸ ነገር የሚያበጅ መስሎ አጎነበሰ። የከዘራ ድምፅ ሰማ። ሆሊስ መጥቶ አጠገቡ ቆመ።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«መገናኛውን እየለወጥኩ።»

«ደኅናውን?»

ዴልማስ ያልላላ ብሎን ማጥበቅ ጀመረ።

«ወደ ፊት ረገጥኩት ስልህ እውነቴን ነበር» አለ ሽማግሌው። «መጽሐፍ ቅዱስ ብታቀርብልኝ እምልልህ ነበር። እስከ ምሳ ድረስ።»

«አጎቴ፣ መገናኛው ...»

«ቆይ፣ ልጨርስ። ኢሞጂን በባጊ የጎተራውን በር የሰበረች ጊዜ እንኳ ማሽኑ ነው አላልክም። የገዛ ሚስትህን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ሰው ፊት ወቀስካት። ይሄን ሁሉ ዓመት አንዲት ቀን ማሽኑ አጠፋ ብለህ አታውቅም። ዛሬ ማሽኑ ነው ስትል ነው እኔ መሆኔን ያወቅኩት።»

ዴልማስ መፍቻውን አስቀመጠ። «ጢጥ የምትለዋን የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አለ በመጨረሻ።

«ቁረጥ ያልኩህ እኔ ነኝ።»

ከቤቱ ውስጥ የሮይስ ድምፅ እስከዚህ ይሰማል፤ ታሪኩን ከመጀመሪያው እየደገመው ነው።

«ከልክለውኝ ቢሆን ልቤ ይሰበር ነበር» አለ ሆሊስ። «አንተ አላስከለከልከኝም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን ጋርላንድ የልጅ ልጁን ባሳፈረ ቁጥር እየፈራ እንዲነዳ አልፈልግም። ሮይስም ያንተን ሸሚዝ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ሲፎክር አልበላም።»

«ከነገሯቸው ሕጉ ...»

«ሕጉን አውቀዋለሁ፤ ለእኔ ነው የወጣው።»

ከዘራውን እየተመረኮዘ ወደ ቤቱ ገባ። ዴልማስ መቀመጫውን መልሶ ገጠመና ባጊው አጠገብ ቆሞ ጠበቀ። ቤቱ ውስጥ ሳቁ መጀመሪያ ቀነሰ፣ ቀጥሎ ጨርሶ ጠፋ፤ ከዚያ የአንድ ሰው ድምፅ ብቻ ቀስ ብሎ ሲናገር ተሰማ። ዴልማስ ዓይኑን ሲጠርግ ኖሮ እጁ ላይ የነበረው ጥቁር ቅባት ፊቱ ላይ ቀርቷል። ዕድሜውን ሁሉ ተከራክሮ ሲረታ ኖሯል፤ ያን ዕለት ግን የተመለሰለትን ክብር አልፈለገውም።

ሽማግሌው ሲወጣ ጠብመንጃውን አንግቷል። እስከ ነጂው ወገን በልማድ ሄደና እጁን መሪው ላይ ጣል አድርጎ ጥቂት ቆመ። ከዚያ ባጊውን ዞሮ በወዲያኛው ወገን፣ በእንግዳው ቦታ ወጥቶ ተቀመጠ።

«ነግሬሃለሁ፤ ማማው ላይ ሚስቴን ነው የማወራት» አለ ፊት ለፊቱን እያየ። «ስትሰማኝ እንዳትስቅብኝ።»

«አልስቅም» አለ ዴልማስ፤ ቁልፉንም ተቀብሎት ሄዱ።