ሸዋረገጥና የኢየሩሳሌም ርክክብ

በያፋ በር ቡና ቤት የሚወራው እንዲህ ነው፤ ዳቦ ጋጋሪዋ ሸዋረገጥ በእንቆቅልሽ ተሸንፋ ኢየሩሳሌምን ለአንድ ድንጋይ ጠራቢ ሰጠች። ከተማይቱ ከነቅጥሯ፣ ከነበሮቿ፣ ከነገበያዋ የዘውዱ ሆናለች። ሸዋረገጥም በሽንፈቷ ምክንያት ወደ አገሯ መመለሱ ቀርቶባት፣ ሳትወድ በግድ ልታገባው ነው። የቱርኩ ገዥ ወሬው ገና አልደረሰው ይሆናል፤ ትናንትም ከሰገነቱ ላይ ሆኖ ሺሻውን ሲያንቦለቡል ታይቷል።

እኔ ግን ሽንፈቱን አላመንሁም። ሸዋረገጥን የሚያውቅ ማን ያምናል? ይህች ሴት ከደንቢያ በእግሯ መጥታ፣ ሐበሾች ሰፈር ከደብረ ገነት ገዳም አጠገብ ለገዳሙ ዳቦ ስትጋግር ስድስት ዓመቷ ነው። እንቆቅልሽ ያልፈታ አገር ይሰጣል፤ የጨዋታው ደንብ ነው። በዚህ ደንብ አገር ያልሰጣት መነኩሴ በገዳሙ የለም። ጎጃምን ሦስት ጊዜ ተቀብላለች። አንድ ዲያቆን ግብፅን ከነዓባዩ አስረክቧታል። በረኛው አባ ገብረ ቂርቆስማ ላስታን ከሰጧት ወዲህ "ግብር ትጠይቀኛለች" እያሉ እሷ ስትመጣ በጓሮ ይዞራሉ።

ደግሞ እሷ ዘንድ መልሱን መገመት ብቻ አያድንም። ቃል በቃል መተርጎም አለ። አንድ ክረምት አባ ዘሥላሴ "ደጅ ሳያንኳኳ ይገባል፣ ያለ ጥርስ ይነክሳል፣ እሳት ሲያይ ይሸሻል" ቢሏት፣ እጇን ከሊጡ ሳታወጣ፣

"ብርድ ነው አባቴ። የማያንኳኳው በመዝጊያው ስንጥቅ ስለሚገባ ነው። ንክሻው ይኸው ጣትዎ ላይ አለ። እሳቱም ምድጃዬ ነው፤ እርስዎም ለእሱ ብለው ነው የመጡት" አለቻቸው። ይህ ደንብ ጠያቂውንም ይይዛል። የገዛ እንቆቅልሹን መተርጎም ያቃተው ሰው አገር ከፋዩ እሱ ነው።

ዘንድሮ ታዲያ፣ "ከፋሲካ በኋላ ከተሳላሚዎቹ ጋር እመለሳለሁ፤ እዚህ ቅሪ የሚለኝ ሰው የለም" አለች። ይህን ሲሰማ ዘውዱ መሮውን ከእጁ ጣለ። ዘውዱ ከገዳሙ ማዶ ለሚሠራው ቤት ድንጋይ የሚጠርብ፣ ድንጋይ ከማንሳት ይልቅ ቃል ማውጣት የሚከብደው ሰው ነው። ዓመት ሙሉ በቀን ሦስት ጊዜ እየመጣ "ምድጃሽ አልተሰነጠቀም?" ሲላት ኖሯል። "አትሂጂብኝ" የምትለዋ ቃል ግን እምቢ አለችው።

መሄጃዋ ቀን ደረሰ። አህያዋ ጓዟን ተጭና ወደ ባቡሩ ልትነዳ ስትል፣ ዘውዱ አቧራውን እንደለበሰ መጥቶ ከፊቷ ቆመ።

"ሸዋረገጥ! እንቆቅልሼን ከፈታሽ ሂጂ። ካልፈታሽ ትቀሪያለሽ።"

"አንተ? መናገር ከመቼ ወዲህ ጀመርህ?" ሸኚው ሁሉ ሳቀ።

"እንቆቅልሽ?"

"ምን አውቅልህ?"

"ሁሉም ይሸከሙታል፣ ሁሉንም ይሸከማል፤ ኋላ ገብቶ ሁሉን ያቆማል፤ ማታ ማታ ደግሞ ይስቃል።"

ሸዋረገጥ አፏን በነጠላዋ ይዛ ዝም አለች።

"ጎንደርን ስጪው!" አሉ አባ ገብረ ቂርቆስ ከበሩ ሆነው፣ ደስታቸው ከቆባቸው በላይ ሆኖ። "እኛስ ስንሰጥ አልኖርንም?"

ወዲያው ለመሸኛው ጸሎት ደወል ተደወለና ሰው ሁሉ ገባ። አህያዋን የሚይዝ ስላልነበረ ሁለቱ ብቻ ውጭ ቀሩ። በጸሎቱ መካከል የዘውዱ ድምፅ "ኢየሩሳሌም!" ሲል በመስኮት ተሰማ። ሰዉ ሲወጣ አህያዋ ባዶ ጀርባዋን ቆማለች፤ ዘውዱ ጓዙን ተሸክሞ ወደ ሸዋረገጥ ቤት እየመለሰ ነው። ሰፈሩም ዝምታዋን፣ ጩኸቱንና የተራገፈውን ጓዝ አገጣጥሞ፣ ኢየሩሳሌምን ከእሷ ወስዶ ለእሱ ሰጠ።

እኔ ይህን ይዤ ወደ ጋጋሪዋ ሄድሁ።

"እትዬ ሸዋረገጥ፣ ተሸንፈው ኢየሩሳሌምን ሰጥተዋል አሉ።"

"ማነው ያለ? ውሸት! ዝም ያልሁት ሳቄን ይዤ ነው። የቅስት አናት ላይ የሚገባው ድንጋይ መሆኑንማ ሳይጨርስ አውቄዋለሁ። ግራና ቀኝ ያሉት ይሸከሙታል፣ እሱም አጋጥሞ ይይዛቸዋል፤ መጨረሻ እሱ ካልገባ ቅስት አይቆምም።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ 'ማታ ማታ መሳቁንስ ተርጉምልኝ' አልሁት። ላብ በላብ ሆነ። 'እሱ... ቤት እንዲመታልኝ ነው' አይለኝም! በእንቆቅልሽ ውስጥ ሥራ ፈት ቃል ይቀመጣል? 'ተሸንፈሃል፣ አገር ስጠኝ' አልሁት። ሸዋን ሰጠኝ፤ 'ሸዋማ በእጄ ነው' አልሁት። ስሜንን ሰጠኝ፤ 'እሱንም ቀድሜ ተቀብያለሁ' አልሁት። የሚሰጠው ሲያልቅበት 'ኢየሩሳሌም!' ብሎ ጮኸ።"

"ተቀበሉት?"

"ተቀበልሁ እንጂ! አገር ተሰጥቶኝ ጥዬ ልሂድ?"

"ጋብቻውስ? በግድ ነው ይላሉ።"

"እሱ አፍ አውጥቶ እስኪጠይቀኝ ብጠብቅ ምጽአት ይደርሳል፤ የጠየቅሁት እኔ ነኝ። ስማ፣ አልተሸነፍሁም፤ ኢየሩሳሌምን አልሰጠሁም፤ እኔን የሚያስገድድም ገና አልተወለደም። ሂድና ለቡና ቤትህ ንገር!"