የተሳሳተው ሰዓት

ልጄ ያኔ ፎቶ ቤት ነበር የምትሠራው። ጠዋት ሦስቱ ኮምፒውተሮች ሲበሩ፣ አንድ ፕሮግራም በአንዱ ላይ የተሠራውን ፎቶ ወደ ሌሎቹ ይገለብጣል። አንድ ሰሞን ግን ቀኑን ሙሉ ስታሳምረው የዋለችው የሙሽሮች ፎቶ በማግስቱ እንዳልተነካ ሆኖ ይጠብቃት ጀመር።

«ቀን ቀን ትተኚያለሽ እንዴ?» አላት የፎቶ ቤቱ ባለቤት። «ቅዳሜ ሙሽሮቹ ይመጣሉ። ካልደረሰ ሌላ ሥራ ፈልጊ።»

እህል ከአፏ አልገባ አለ። «እማዬ፣ ፕሮግራሙ እኮ አዲሱን አስቀምጦ አሮጌውን ነው የሚያጠፋው። የእኔን ለምን ይበላብኛል?» ትለኛለች።

«እኔ ምን አውቅልሻለሁ ልጄ፣ ምቀኛ ይሆን?» እላታለሁ። ፕሮግራሙን አጥፍታ እንደገና ጫነች፣ ገመዱን ቀየረች፤ ወይ ፍንክች!

ዓርብ ጠዋት ኮምፒውተሯን ስትከፍት ዓይኗ ስክሪኑ ጥግ ላይ ካለችው ሰዓት አረፈ። የምታሳየው ቀን ገና ተማሪ ሳለች ያለፈ ቀን ነው። በልጅነቷ ቤታችን በኤሌክትሪክ ተቃጥሎ ስለነበር፣ ልጄ ማታ ሶኬት ሳትነቅል አትወጣም። የኮምፒውተሩ የውስጥ ባትሪ ደግሞ ሞቷል፤ ሶኬቱ በተነቀለ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ ይመለሳል። ፕሮግራሙም ቀኑን አይቶ፣ ሥራዋን አሮጌ ነው ብሎ ይጥለዋል።

ባትሪውን ቀይራ ሰዓቱን ሞላች። የአንድ ፎቶ ሁለት ቅጂዎች ቢለያዩ አንዱን ከማጥፋት ሁለቱንም እንዲያስቀምጥ ፕሮግራሙን አስተካከለች። ስትሠራ ውላ ማታ ሶኬቱን ነቀለች።

ቅዳሜ አብሬያት ሄድኩ። ኮምፒውተሩን ከፈተች፤ ፎቶው ላይ ሙሽራዋ አምራ ቁጭ ብላለች።

ዛሬ የራሷ ቤት አላት። እኔ ዘንድ ስትመጣ ግን ሳትቀመጥ ግድግዳውን ታያለች። «እማዬ፣ ይቺ ሰዓት ልክ ናት?»