ዳማ የፈራት ቆቅ

ምራቴ ዶሮ በፈላ ውሃ ነክራ ስትነጭ፣ የእርጥብ ላባው ሽታ አንኮበር ይወስደኛል።

ልጅ ሳለሁ ዳማ የሚባለውን የአባቴን የአደን ቡችላ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። የመጀመሪያዋን ቆቅ ነክሶ ገደላት። ሳይባረክ የሞተ በክት ነውና አባቴ ቆቋን ገደል ወርውሮ ዳማን በሽመል ገረፈው። ከዚያ ወዲያ ቆቅ ብር ባለች ቁጥር ዳማ ጭራውን ሸጉጦ ቀሚሴ ሥር ይወሸቃል።

«ነገ ጾም ይገባል። ዛሬ በሕይወቷ ይዞ ካላመጣ ለቆለኛ እሰጠዋለሁ» አለ አባቴ።

አያቴ እግሯ የታሰረ፣ ጉም ያራሳት ቆቅ ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ። «ዱላውን ያመጣችበት እሷ ትመስለዋለች። እያባበልሽ አስለምጂው። እጅሽ ብቻ አይንቀጥቀጥ፤ ፍርሃትሽ ይጋባበታል» አሉኝ። ዳማ እየተንፏቀቀ ቀርቦ ክንፏን ላሰ።

ከሰዓት በኋላ እኔና አያቴ ዳማን ይዘን አባቴን ተከትለን ወጣን፤ በወንጭፍ የመታት ቆቅ ቁጥቋጦ ውስጥ ወደቀች። ዳማ የአባቴን ሽመል እያየ ቆመ።

«አባባ፣ ሽመሉን ይጣሉት!» ብዬ ጮህኩ።

ጣለው። ዳማ ገብቶ ቆቋን በአፉ ይዞ መጣ፤ አንገቷ ግን ተንጠልጥሏል።

አባቴ ቢላውን እንደያዘ «ነፍስ አላት ወይ?» አለ።

ሮብና ዓርብ ገድፈው የማያውቁት አያቴ መዳፋቸውን ደረቷ ላይ አሳረፉ። ዳማን አዩ፤ እኔን አዩ።

«አላት። ባርካት» አሉ። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ምራቴ የተነጨችውን ዶሮ ስታቀብለኝ «እማማ፣ እጅዎ ምን ሆነ?» ትለኛለች።