ኢንተርኔት የማይጠይቀው ጌም

የጌም ማጫወቻ ሰክተውት ወዲያው ካልሠራ ዕቃ አይባልም። ይህን ስናገር የአጎቴ ልጅ ሁልጊዜ ይስቅብኛል። ለገና ከአዲስ አበባ ወደ ላሊበላ ሲመጣ አዲስ የወጣውን ማጫወቻ ይዞ መጣ። የእኔን አሮጌ ማጫወቻ ቲቪው ሥር ሲያየው፣ «ይሄንንማ ሙዚየም አስገቢው» አለኝ።

የራሱን ሰክቶ ሊያስጀምር ሲል ማሽኑ መጀመሪያ ከኢንተርኔት የሚወርድ ነገር ጠየቀው። በገና ሰሞን ከተማችን በተሳላሚ ስለሚጨናነቅ ስልክ መደወል እንኳ መከራ ነው። ስልኩን ሽቅብ ይዞ ግቢውን ዞረ፣ አጥሩ ላይ ወጣ፤ ኔትዎርክ የሚባል ነገር የለም።

እኔ የአሮጌውን ዲስክ በነጠላዬ ጫፍ ወልውዬ ከተትኩት። የኳስ ሜዳው ወዲያው ቲቪው ላይ ተዘረጋ።

ለገና ሊሳለሙ ከብልባላ በእግራቸው የመጡ ሁለት ገበሬዎች ቤታችን አርፈው፣ እናቴ እንደ ልማዳችን እግራቸውን እያጠበች ነበር። እኛ ቤት እንግዳ ሳይቀድም ምንም አይነካምና ጆይስቲኮቹን ለእነሱ ሰጠኋቸው። የቱ ቁልፍ ኳስ እንደሚመታ ካሳየኋቸው በኋላ ከሁለቱ አዛውንቱ እግራቸውን ሳፋው ውስጥ እንደነከሩ ጎል አገቡ። ሌላኛው ድጋሚ ካልተጫወትን ብለው ሙግት ገጠሙ።

የአጎቴ ልጅ ውድ ዕቃውን ታቅፎ ከኋላቸው ቆሞ ሲያይ ቆየ። በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የእኔ ተራ መቼ ነው?» አለኝ።

«መጀመሪያ የሳፋውን ውሃ ቀይርላቸው» አልኩት።