ቻርጅ ቤታችን የገባበት ጥቅምት

በ1948 ዓ.ም. የአሥር ዓመት ልጅ ነበርሁ። የመኪና ባትሪ ውሃ ሽታ፣ ያ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ጎምዛዛ ሽታ፣ ዛሬም መንገድ ላይ ድንገት ሲመጣብኝ እጄ ሳላዝዘው ሄዶ ጉልበቴን ይዳብሳል። በዚያ ዓመት ሱሪየን ጉልበቴ ላይ እንደ ወንፊት በሳስቶት ነበርና።

አባቴ ባለጋሪ ነበር። ከጎንደር አዘዞ፣ ከአዘዞ ጎንደር ሰውም ዕቃም ያመላልስ ነበር። ፈረሳችንን ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለበት ቦራ እንለው ነበር። ክረምት ሲገባ መንገዱ ጭቃ ሆኖ ሥራው ይቀዘቅዝና ቦራ ጓሯችን ታስሮ ሳር ሲግጥ ይከርም ነበር፣ በዚያ ክረምት ግን ዝናቡ በርትቶ ጓሮውን ረግረግ አደረገው፣ ሳሩም በሰበሰ፣ ፈረሱ መስከረምን የተቀበለው የጎን አጥንቱ እየተቆጠረ ነው።

መስከረም ሲጠባ ደግሞ ክረምቱን ቆመው የከረሙ መኪኖች ሁሉ ሊነሡ ሲሉ ባትሪያቸው ሞቶ ይገኝ ነበር። ባትሪ የሚሞላ ሰው እኛ የምናውቀው አዘዞ ያሉትን አያ ደስታን ብቻ ነበር። በጣሊያን ጊዜ ጋራዥ ተቀጥረው ሙያውን የለመዱ ሰው ናቸው፣ ያኔ «ካሪካ» ይሉት የነበረውን ሥራ፣ ጣሊያን ሲወጣ «ቻርጅ» ማለት ጀመሩ። አባቴ ባትሪዎቹን ይጭናል፣ እኔ ከኋላ ተቀምጬ እንዳይጋደሙ በሁለት እጄ እይዛለሁ። ያን ሥራ ማንም አልሰጠኝም፣ አልወርድም ብየ ጋሪው ላይ የቀረሁት ራሴ ነኝ።

ጥቅምት ላይ አንድ ቀን፣ ዛሪማ ለሚሄድ ነጋዴ ሦስት ባትሪ ልናመጣ አዘዞ ወረድን። ሁለቱ ደርሰዋል፣ ሦስተኛው ገና ነበር።

«ምነው አያ ደስታ፣ ትናንት የገባ ባትሪ እስካሁን?» አለ አባቴ።

«ቻርጅ እኮ ነው፣ ጉርሻ አይደለም። ቀስ ብሎ ነው የሚጠጣው። ባጣድፈው ይፈላና ውስጡ ይቃጠላል፣ ከዚያ ወዲያ የበር መደገፊያ ነው የሚሆንህ።»

«የኔ ፈረስ አንድ እቅፍ ጭድ በልቶ ካደረ ጠዋት ይነሣል።»

አያ ደስታ ቦራን ከላይ እስከ ታች አዩት። «ይነሣል፣ ነፋስ የመጣ እንደሆን» አሉ። አባቴ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ጭነን ስንመለስ ጎንደር የሚያስተምር አንድ መምህር ተሳፈረ። ዳገቱ ሲጀምር ግን ቦራ ሲያቃስት ሰምቶ ወረደና በእግሩ ይሄድ ጀመር። አባቴ ዝም ብሎ መሄድ አይሆንለትምና «መምህር፣ ይህ ቻርጅ የሚሉት ምን ማለት ነው?» አለው።

«የእንግሊዝ ቃል ነው፣ ኃይል መሙላት ማለት ነው። ባትሪ ሲሞሉ እንዲያ ይላሉ፣ ድሮ ጠመንጃ ሲያጎርሱም እንዲያ ይሉ ነበር። መነሻው ግን ጋሪ ነው። የጥንት ሮማውያን ጋሪን ከሚጠሩበት ስም ወጥቶ፣ ጋሪ መጫን ማለት ነበር፣ ኋላ በፈረንሳይ በኩል እንግሊዝ ገባ። የጣሊያኑ ካሪካም ወንድሙ ነው።»

አባቴ ፈረሱን አቆመ። «ጋሪ መጫን ያደክማል እንጂ ያበረታል እንዴ?»

«ቃሉ ለጋሪው ነዋ። ፈረሱን ማን ጠየቀው?» አለ መምህሩ።

ከዚያ ብዙም ሳንርቅ ቦራ የፊት ጉልበቶቹ ታጥፈው ወደቀ። ባትሪዎቹ እየተንሸራተቱ መጡ፣ አንዱን በጉልበቴ ስደግፈው ውሃው ሱሪየ ላይ ተደፋ። መምህሩ ከቦይ ውሃ በእፍኙ እየጨለፈ አጠበልኝ። ፈረሱ በስንት ጉትጎታ ተነሣ፣ ዓይኑ ግን እኛን አያይም ነበር።

ቤት እንደደረስን አባቴ «ነገ ነጋዴው ሳይወጣ ባትሪዎቹን ፒያሳ ማድረስ አለብኝ፣ ቃሌን ሰጥቻለሁ» አለ።

«ቦራ አይወጣም» አልሁ።

«ማን ብሎ?»

«እኔ ብየ። ገና አልሞላም፣ ብታጣድፈው ይሞታል። አያ ደስታ ሲሉ ሰምተሃል።»

ልጓሙን አቅፌ በረቱ ደጃፍ ላይ ተቀመጥሁ። ተነሥ አለኝ፣ አልነሣም አልሁ። እጁን ሲያነሣ እናቴ መሐል ገባች።

በዚያ ወር መጨረሻ የእናቴ የማኅበር ተራ ነበር። ለጠላው ብቅል የሚሆን ገብስ ከክረምት ጀምራ፣ እኛ በቆሎ እሸት እየበላን፣ ከዓይናችን ሰውራ አስቀምጣ ነበር። ጆንያውን እየጎተተች አምጥታ ቦራ ፊት ፈታችው።

«ምነው አንቺ ሴት! ማኅበርተኛው ምን ሊጠጣ ነው?» አለ አባቴ።

«ውሃ። የጎንደር ውሃ ሸጋ ነው» አለች። «እስኪሞላ ድረስ አይነካም። የልጁ ነገር ለኔ ገብቶኛል፣ ላንተ ምነው ጠፋህ?»

ቦራ ገብሱን ሲቆረጥም ሦስታችንም ቆመን እንሰማ ነበር።

ማኅበርተኞቹ በተራዋ ቀን ውሃቸውን ጠጥተው እናቴን «ፈረስ ጋባዥ» ሲሏት ከረሙ፣ እሷም አብራ ትስቅ ነበር። ኅዳር ሲገባ የቦራ ጸጉር ማብራት ጀመረ፣ ከዚያም ብዙ ዓመት ጎተተልን።

እኔ ሦስት ዓመት ብቻ የተማርሁ ሰው ነኝ፣ ያን ቃል ግን ከነአመጣጡ አውቀዋለሁ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ የምትማረው የልጅ ልጄ በቀን አሥር ጊዜ ቻርጅ ትላለች፣ ስልኳ ሲደክም ግድግዳው ላይ ትሰካዋለች፣ ቡና ሳይፈላ ይሞላል። ሸጋ ነው፣ አልጠላሁትም። ኃይሉ ከየት እንደመጣ ግን ጠይቃ አታውቅም፣ እኔ ቦራ ሲሞላ የእናቴ ጆንያ ሲጎድል በዓይኔ አይቻለሁ።

ቦራ ያን ገብስ በበላ ማግስት ጠዋት ልጓሙን እንዳቀፍሁ ወደ ደጅ ስወጣ፣ አባቴ ሦስቱን ባትሪ ጭኖ፣ የቦራን ማሰሪያ ደረቱ ላይ አስሮ፣ ራሱ በጋሪው እንጨቶች መሐል ቆሟል። ልጓሙን በረቱ ላይ ሰቅየ ከኋላው ተከተልሁት። ፒያሳ ስንደርስ ባለጋሪዎቹ ከሩቅ ጮሁ፦ «አያ! ፈረሱ የት ሄዶ ነው አንተ የተጠመድኸው?»

አባቴ ላቡን በክንዱ ጠረገና «ቻርጅ ላይ ነው» አላቸው።

ከባለጋሪዎቹ ምን እንዳለ የገባው አልነበረም። እኔ ከኋላ ሆኜ፣ በሱሪየ ቀዳዳ ንፋስ እየገባ፣ እየሳቅሁ ጋሪውን ገፋሁ።