ሦስት ጀሪካን ማር

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴም፣ ለነፍስ አባቴም። አትክልት ተራ አጠገብ ሸራና የጭነት ገመድ ስሸጥ የሚያየኝ ሁሉ የድሮ ሾፌር ይመስለዋል፤ እኔም አዎ እላለሁ። ሾፌር አልነበርኩም። የጦር ጭነት አውሮፕላን ላይ የጭነት ኃላፊ ነበርኩ።

የሚጫነውን መዝኜ፣ ቦታ ሰጥቼ፣ አስሬ፣ ክብደቱን ጽፌ ለአብራሪው እሰጣለሁ። «ሞልቷል» ካልኩ ሞልቷል፤ አብራሪው ራሱ አይከራከረኝም። የሰው ነፍስ በአፌ ቃል ላይ እንደተንጠለጠለ አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር እንጂ። እሱ ነው የሚያንገበግበኝ።

የዚያን ቀን ቁስለኞች ልናወጣ ግንባር አጠገብ ካለ አጭር የአፈር ማኮብኮቢያ ላይ አርፈናል። ሠርጌ በወሩ ነው። ለጠጅ ብዬ ከአገሬው ሰው ሦስት ጀሪካን ማር አገኘሁ፤ ቁስለኞቹ ሳይመጡ ጭራው ጋ አስሬ በሸራ ሸፈንኩት። ወረቀቱ ላይ «መለዋወጫ» ብዬ ጻፍኩ። እኔ ጻፍኩት፣ በገዛ እጄ። የመጨረሻው ቃሬዛ ጋ ስደርስ ክብደቱ ሞላ። ሦስት ጀሪካን ማር የአንድ ሰው ክብደት ነው፤ ይህን ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ማሩን ለማውረድ ግን ሰው ሁሉ እያየ ሸራውን መግለጥ ነበረብኝ። እንዳላፍር ብዬ ሰው ተውኩ።

የተውኩት ወታደር እንድሪስ ይባላል፤ ጭኑን ተመቷል። ውኃ አጠጣሁትና «ከሰዓት እንመለሳለን፣ አንተን ነው ቀድሜ የማነሳው» አልኩት። «እሺ ወንድሜ» አለኝ። ከሰዓት ዘነበ። ማኮብኮቢያው ጭቃ ሆኖ ሦስት ቀን ማረፍ አልተቻለም። ስንመለስ ተቀብሯል።

ጠጁ ተጠጣ። እኔም ጠጣሁ።

ከሱቄ ፊት ለፊት ጆንያ የሚጠግኑ የወሎ ሰው አሉ፣ ጋሽ አሊ። አንድ ቀን ስለሞተው ልጃቸው ያጫውቱኝ ጀመር። ስሙን ሲጠሩ፣ የሞተበትን ቦታ ሲናገሩ ያው እንድሪስ መሆኑን አወቅኩ። አጠገቡ ተኝቶ የነበረና እኛ ያወጣነው ቁስለኛ ነው የነገራቸው።

«አውሮፕላኑ ሞልቶ ነው እንጂ ጫኙ ደግ ሰው ነበር አሉ፤ ውኃ በእጁ አጠጣው። ዝናቡን ያመጣው አላህ ነው፣ ምን ይደረጋል ልጄ?»

ከዚያ ወዲህ ከጁምዓ ሲመለሱ ሱቄ በር ላይ ይቆማሉ። መዳፋቸውን ዘርግተው ለእንድሪስ ዱዓ ያደርጋሉ፤ ቀጥለው ውኃ ላጠጣው ለዚያ ሰው። «አንተም አሚን በል» ይሉኛል።

እላለሁ። የገደልኩት ሰው አባት ሲመርቁኝ በየሳምንቱ አሚን እላለሁ። ብነግራቸው ሐዘናቸውን መቀስቀስ ነው እያልኩ ራሴን እያታለልኩ ኖሬያለሁ። ውሸት ነው፤ የፈራሁት ለራሴ ነው። ያኔ ሸራውን መግለጥ ያቃተኝ ያው እኔው ነኝ።

አንባቢዬ፣ አንተን ይቅር በለኝ አልልህም፤ ልጅ የሞተብህ አንተ አይደለህም። ነገ ጁምዓ ነው። አሚን ከማለቴ በፊት እነግራቸዋለሁ ብያለሁ። ባለፈው ሐሙስም እንዲሁ ብዬ ነበር።